ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያለው ሰው፣
የአክስቴን ደጃፍ አንድ ቀን በረገጠው።
ስቴይንቮር በአኩሬይሪ፣ ከወደቡ በላይ፣
ከዓሣ መጋዘን ፎቅ፣ በጠበበች ክፍል ላይ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላስ ስታሽ ኖራለች፤
ቅቤ የላት፣ መድኃኒት የላት፤ ትጠብቃለች።

ሥራዋ መጠበቅ ነው።
«ብ… ብ…» ብሎ ለቆመ ሰው
ቃሉን ከአፉ አለመንጠቅ፣
ዓይንን ካይኑ አለማራቅ።

ችግሩ ስልኩ ነበር።
ቀጠሮ የፈለገ ደውሎ ስሙን ይናገር፤
ለሚንተባተብ ደግሞ የገዛ ስሙ ነው ተራራው።
ከመልእክት ሳጥኗ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ነው የቀረው።
አንድ ሰኞ አሥራ አንድ ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ የማን እንደሆነ ማን ያውቀው?

እኔ የወንድሟ ልጅ፣ የመድኃኒት ቤት ጸሐፊ፣
በኮምፒውተር ነገር ትንሽ ደፋር፣ ትንሽ ለፍላፊ፣
«ተይው፣ እኔ አለሁ» ብዬ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት
የቀጠሮውን አፕ ከቪዲዮው ጥሪ አጋባሁላት።
ሽማግሌ አልተላከ፣ ጥሎሽ አልተቆጠረ፤
«ፍቀድ» የሚል ቁልፍ ነካሁ፣ ኪዳኑ ታሰረ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ባዶ ሰዓት አይቶ ጣቱን ያሳርፋል፣
ቀኑ ይያዛል፣ ሊንኩ ይበራል፣
አንድ ሰዓት ሲቀረው ማስታወሻ ይደርሳል።
ስም ይጻፋል እንጂ አይጠራም።
ትንፋሾቹ ጠፉ። ሳጥኑ ዳግም አልሞላም።

አክስቴ ግን ፊቷ አልፈታም።
«ስልኩ ክፉ ነበር» አለች፣ «ግን ትምህርትም ነበር፤
ተራራውን አንስተህ፣ ምኑን ውጡ ብዬ ልናገር?»
ሻይዬን አማሰልኩ። ስኳር አልነበረውም።

እዚህ ላይ ልናዘዝ፤ ሁለት ነገር ረሳሁ።
ለመጣው ሁሉ ያንኑ ሊንክ ነው እንዲላክ ያዘዝሁ፤
አንድ በር ለስንቱ!
ደግሞ አይስላንድ ሰዓቷን በክረምት በበጋ አትነካም፤
ዴንማርክ በጥቅምት ወደ ኋላ ስትመልስ ማንንም አታማክርም።
የሶልቬይግ ቀጠሮ፣ በኮፐንሃገን አራት ሰዓት የታሰረ፣
ከእኛ ሁለት ሰዓት ተነቅሎ ሦስት ላይ ሰፈረ።
ሦስት ሰዓት ባለቤት ነበረው።

አክስቴ ከወረቀት ደብተሯ አልተላቀቀችም፤
ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ከፍታ ጠበቀች፤ ሶልቬይግ አልመጣችም።
ካሜራውን አጥፍታ፣ ክፍሉን ክፍት ትታ፣
መኪናዋን ከበረዶ ልታወጣ ወረደች፣ አካፋ አንሥታ።

ሦስት ሲሆን ሶልቬይግ ገባች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
የዳቦ ቤት ተለማማጅ፣ ዱቄት እስከ ክርኗ።
በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው በር፣
ኤርሊጉር ገባ ከኢሳፍዮርዱር፤
ስልሳ አንድ ዓመቱ፤ መረብ ሲጠግን ያረጀ።

ተያዩ።

«እኔ… ሶ…» አለች። ቆመች።
ሰው ሁሉ እዚህ ጋ «ሶፊያ? ሶንያ?» ይላታል፣
እንደ ገበያ ዕቃ ስም እያነሣ ይለካላታል።
እሱ ግን የተቀደደውን ቦታ እያየ ቆየ፣
ክሩ ራሱ እስኪመጣ።
«…ልቬይግ።»

«ኤ…» አለ በተራው። በስተኋላው፣
በመስኮቱ፣ ጎህ ገና ሲቀድ ነው።
ማሽን ዝምታ አይወድም፤ ጽሑፍ ብቅ አደረገ፦
«አሁንም እዚያ አሉ?»
አሉ። ሁለቱም አሉ።

አክስቴ ሃያ ደቂቃ ዘግይታ፣ በረዶ ከጫማዋ እየቀለጠ፣
ስትመለስ የሰማችው የኤርሊጉርን ድምፅ ነው፣ እየተቆረጠ፦
«ጥ… ጥቁሩን ዳቦ እወዳለሁ። ስሙ አልወጣ እያለኝ፣
አ… አርባ ዓመት ነጩን በላሁ።»
ልጅቷ ሳቀች፤ ዱቄቱ ከእጇ ረገፈ፦
«እ… እኔ እኮ ነኝ የምጋግረው!»

አክስቴ ካሜራውን አላበራችም።
ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀመጠች።

ማታ ደወለችልኝ። ሁሉንም ነገረችኝ።
«ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ሊንክ…» አልኳት።
ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።
«የሶልቬይግን ደግሞ ወደ ሁለት…» ብዬ ልጨርስላት ስል፣
ምላሴን ነከስኩ።
ጠበቅኩ።

«ሌላውን አስተካክል» አለች በመጨረሻ፤
«ማክሰኞን እንደ ተሳሳተ ተወው።»